የወይንና የአልሞንድ ቅጠል ከዳር ሲቃጠል ምን ይደረጋል?

የወይናችሁ ወይም የአልሞንዳችሁ ቅጠል ኦገስት ላይ ከዳር ጀምሮ መቃጠል ከጀመረ፣ መርጫውን ለጊዜው አስቀምጡት። ውሃውንም ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ቁረጡና ብርሃን ላይ ይዛችሁ በደንብ እዩት። ቅጠል የሚያደርቀው ነገር ብዙ ነው፤ ጥም፣ ጨው፣ የማዳበሪያ እጥረት፣ የግንድ ሻጋታ። ከነዚህ ሌላ ግን ነፍሳት ከተክል ተክል ይዘውት የሚዞሩ አንድ ባክቴሪያ አለ። እሱ ከሆነ ተክሉ ላይ የምታፈሱት ነገር ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መፍትሔው ያለው ከአጥሩ ማዶ ነው።

ይህን የምጽፈው በዋናነት ካሊፎርኒያ ላላችሁ ነው። ሳክራሜንቶ ወይም ሳን ሆዜ ጓሮ ውስጥ ሁለት ሦስት ሐረግ ለተከላችሁ፣ ፍሬዝኖ አካባቢ ትንሽ መሬት ይዛችሁ አልሞንድ ለጀመራችሁ፣ በሰው እርሻ ለምትሠሩም ጭምር። ቴክሳስ ያላችሁም አንብቡት፤ ዳላስና ሂውስተን አካባቢ ወይን ተክላችሁ በሁለት ሦስት ዓመቱ የሞተባችሁ ካላችሁ ምናልባት ገዳዩ ይኸው ነው።

ነገርየው ምንድን ነው?

ባክቴሪያው ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ ይባላል። የሚኖረው ተክሉ ከሥሩ ውሃ ወደ ላይ በሚስብበት ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ነው። እዚያ ይራባል፣ ተለጣጥፎ ይከማቻል፣ ቧንቧውን ይዘጋል። ተክሉ መሬቱ እርጥብ ሆኖ እያለ በጥም ይቃጠላል። ወይን ላይ ሲሆን የፒርስ በሽታ፣ አልሞንድ ላይ ሲሆን የአልሞንድ ቅጠል ቃጠሎ ይሉታል። ሰው ላይ ምንም አያደርግም፤ ፍሬውን ብሉ።

አዲስ ነገር አይደለም። በ1880ዎቹ ዛሬ ዲዝኒላንድ ያለበት አናሃይም የወይን አገር ነበር። ከ35,000 እስከ 40,000 ኤከር የሚገመት ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረቀ፤ ገበሬውም ወደ ብርቱካን ዞረ። ኒውተን ፒርስ የሚባል የመንግሥት ተመራማሪ መጥቶ አጠናውና በ1892 ሪፖርቱን አወጣ፤ ስሙም ለበሽታው ቀረ። ምክንያቱ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ቫይረስ ነው ሲባል ቆይቶ በ1973 ነው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ መሆኑ የታየው። ዛሬም ሕክምና የለውም። የታመመ ተክልን የሚፈውስ ርጭት አለኝ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ በጨዋ ደንብ ተሰናበቱት። ግንድ ውስጥ የሚወጋ፣ ባክቴሪያውን የሚያጠቃ የቫይረስ ምርት ለወይን ገበያ ላይ ወጥቷል። እሱም ቢሆን ውስጡ ያለቀ ሐረግ አያስነሳም።

ወይን ላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

አራት ምልክቶች አሉ። አንዱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ።

የመጀመሪያው ቅጠሉ ነው። ቃጠሎው ከዳር ይጀምርና ወደ መሃል ደረጃ በደረጃ ይገባል። ዳሩ ቡናማ፣ ቀጥሎ ቢጫ ቀለበት (በቀይ ወይን ደግሞ ቀላ ያለ)፣ መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። የተቃጠለው ቅጠል ሲረግፍ፣ ቅጠሉን ከሐረጉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን አንገት አይወድቅም። ሐረጉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ገበሬዎቹ የክብሪት እንጨት ይሉታል፤ ብታዩት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። በጥም የደረቀ ወይን ቅጠሉን ሲያረግፍ አንገቱም አብሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ቅርፊቱ ነው። መጸው ላይ ጤነኛ ሐረግ ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ወደ ቡናማ ይለወጣል። የታመመው ግን ይዥጎረጎራል። ቡናማ ሆኖ ሳለ መሃል መሃል ላይ አረንጓዴ የቀረ ቅርፊት እንደ ደሴት ይታያል። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ስታዞሩት፣ በአንድ በኩል የበሰለ እንጨት፣ በሌላው በኩል የጁን ወር ቅርፊት ታያላችሁ። ይህንን ጥም አያመጣውም።

አራተኛው ዘለላው ነው፤ ሳይበስል ይጨማደዳል፣ ዘቢብ ይመስላል። ሐረጉ በሚቀጥለው ጸደይ ዘግይቶ ያቆጠቁጣል፤ ካቆጠቆጠም ድንክ ሆኖ ይቀራል።

ሌሎቹን እንዴት ትለያላችሁ? ጨው ከሆነ ችግሩ በአንድ ሐረግ ላይ አይቆምም፣ የመስኖው መስመር በሙሉ ይቃጠላል። ፖታሲየም ካነሰም ዳሩ ይቃጠላል፣ ግን የክብሪት እንጨቱና አረንጓዴው ደሴት አይኖሩም። የግንድ ሻጋታ ደግሞ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል እንደ ነብር ዥንጉርጉር ያደርጋል። ፒርስ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንዱ ሐረግ ታሞ ጎረቤቱ ደህና ነው፤ እዚህም እዚያም ይታያል፣ በአንድ ጠርዝ በኩልም ይበዛል። የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አልሞንድ ላይ

አልሞንድ ላይ ዋናው ምልክት ቢጫ ቀበቶ ነው። ከጁን ማብቂያ ጀምሮ የቅጠሉ ጫፍና ዳር ቡናማ ይሆናል፤ በቡናማውና በአረንጓዴው መካከል ደማቅ ቢጫ መስመር ይታያል። ዛፉ ከሩቅ ሲታይ ወርቃማ ስለሚመስል ድሮ ወርቃማው ሞት ይሉት ነበር። ጨው የበላው የአልሞንድ ቅጠልም ጫፉ ይደርቃል፣ ያ ቢጫ ቀበቶ ግን የለውም። መጀመሪያ የሚታየው አንድ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። የታመመ ዛፍ በጸደይ ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ ያብባል። አልሞንድ እንደ ወይን ቶሎ አይሞትም፤ ምርቱ ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር፣ የባክቴሪያው ዝርያዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ፋስቲዲዮሳ የሚባለው ንዑስ ዝርያ ወይንንም አልሞንድንም ያሳምማል። ሙልቲፕሌክስ የሚባለው ግን አልሞንድ እንጂ ወይን አያሳምምም። ስለዚህ አልሞንዳችሁ ታመመ ማለት ከጎኑ ያለው ወይን አለቀለት ማለት ላይሆን ይችላል።

ሳትመረምሩ አትቁረጡ

ዓይን ያታልላል። አስተማማኙ የላብራቶሪ ምርመራ ነው፤ ናሙና የሚወሰደው ደግሞ ከበጋው ማብቂያ እስከ መጸው ነው። በጸደይ ብትወስዱ ባክቴሪያው ገና ስላልበዛ ነፃ ነው የሚል ውጤት መጥቶ ያዘናጋችኋል።

ግማሹ የተቃጠለ፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ምረጡ። ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ተዉት። ቅጠሉን ከነአንገቱ ቁረጡ፤ ላብራቶሪው በዋናነት የሚፈልገው አንገቱን ነው፣ ባክቴሪያው እዚያ ይከማቻልና። ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ሐረጎች ሰብስቡ፤ ባክቴሪያው ተክሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ፍሪዘር ግን አይሁን። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ላኩት፤ ዓርብ ከላካችሁት ቅዳሜና እሁድ ፖስታ ቤት ውስጥ ይበሰብሳል። የት ትልኩታላችሁ? የካውንቲያችሁን የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ጠይቁ። የማስተር ጋርድነር በጎ ፈቃደኞችም አሉ፤ ለምክራቸው አያስከፍሉም።

አሁን ነፍሳቱን እንወቅ

ባክቴሪያው ያለ ተሸካሚ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው አይሄድም። በመግረዣ መቀስ መተላለፍ ዋና መንገዱ አይደለም፤ ነፋስ አያመጣውም። የሚያመጡት ሻርፕሹተር የሚባሉ፣ ቅጠልና ለስላሳ ግንድ ላይ ተቀምጠው ከውሃ ቧንቧው የሚመጡ ዘላይ ነፍሳት ናቸው። ጎልማሳው አንዴ ባክቴሪያውን ከያዘ ዕድሜ ልኩን ያስተላልፋል። እንዳያችኋቸው ለመያዝ ብትሞክሩ በጎን ሸርተት ብለው ከግንዱ ጀርባ ይደበቃሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስለዚህ የምትወስዱት እርምጃም እንደ ቦታው ይለያያል።

ናፓና ሶኖማ፣ በጠቅላላው ወደ ባሕሩ በኩል፣ ዋናው ሰማያዊ አረንጓዴ ሻርፕሹተር ነው። ትንሽ ነው፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ክረምቱን ወንዝ ዳር ያሳልፋል፤ ብላክቤሪ፣ የዱር ወይን፣ ቪንካ የሚባለው መሬት ላይ የሚሳብ ተክል፣ ሳማ ላይ። ጸደይ ሲሞቅ ወደ ወይኑ ይበራል፤ የሚመጠውም ለጋ ጫፍ ነው። ለዚህ ነው ወንዝ ዳር ያሉት የመጀመሪያ ረድፎች ቀድመው የሚሞቱት።

ፍሬዝኖ፣ ቱላሬ፣ ማዕከላዊው ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሣር ወዳዶቹ ናቸው። አረንጓዴው ሻርፕሹተርና ቀይ ራሱ። የሚኖሩት ግጦሽ ላይ፣ አልፋልፋ ማሳ ላይ፣ የመስኖ ቦይ ዳር ባለ ሰርዶ ላይ ነው። አዎ፣ ያው የኛው ሰርዶ። ወይንና አልሞንድ ምርጫቸው አይደለም፤ ሲያልፉ ይቀምሱታል፣ ቅምሻው ግን ይበቃል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ባለ መስታወት ክንፉ ሻርፕሹተር። የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ደቡብ ካሊፎርኒያ መድረሱ የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 አካባቢ ነው። ቁመቱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁር ቡናማ፣ ራሱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ክንፉ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ቀያይ ጅማቶች አሉት። ርቆ ይበራል፣ ብዙ ዓይነት ተክል ላይ ይኖራል፣ ብርቱካንና ሎሚ ላይ ይከርማል። ሌሎቹ ጫፍ ሲመጡ እሱ ከሐረጉ ሥር፣ ጠንካራው እንጨት ላይም ይመጣል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ጫፍ ላይ የገባ ባክቴሪያ በክረምት ግርዘት ተቆርጦ ሊወድቅ ይችላል፣ ሥር ላይ የገባው ግን ይቀራል። ከታመመ ወይን ወደ ጤነኛ ወይንም በቀጥታ ያዛምታል። ቴመኩላ ሸለቆን በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወደመው እሱ ነው። በ2021 ደግሞ ቫካቪል ተገኘ፤ ናፓ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ጓሯችሁ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ የሎሚ ዛፋችሁን ቅጠል ገልብጡ። እንቁላሉን ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ጎን ለጎን ደርድሮ ይጥልና ከላዩ ነጭ ዱቄት ይቀባዋል። ዱቄቱን በጥፍራችሁ ብትፍቁት ቅጠሉ ላይ ያበጠ ሞላላ ምልክት ይቀራል። በምልክቱ ውስጥ አንድ ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች እንቁላሉን ከውስጥ በልተው ወጥተዋል ማለት ነው። ሌላው ምልክት ዝናቡ ነው፤ ይህ ነፍሳ የሚጠጣው ውሃ ብዙ ስለሆነ ያለማቋረጥ ያንጠባጥባል፣ ጠብታው ሲደርቅ ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ሽፋን ይተዋል።

ቢጫ ተጣባቂ ወረቀት ግዙና በሐረጉ ቁመት ልክ ስቀሉት፤ ቦታው ማሳው መሃል ሳይሆን ያ ልብ በሉ ያልኳችሁ ጠርዝ ላይ ነው። ከፌብሯሪ ማብቂያ ጀምሮ ይሰቀል፣ በየሳምንቱ ይታይ።

ጠርዙን አስተካክሉ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሰው ግን ሥራውን ወይኑ ላይ ይጀምራል። ኦገስት ላይ ቃጠሎ አይቶ የሚረጭ ሰው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ክፉው ኢንፌክሽን የገባው ኤፕሪልና ሜይ ላይ ነው። በጸደይ የገባ ባክቴሪያ እስከ ክረምት ድረስ ወደ ግንዱ ለመውረድ ጊዜ አለው። በበጋው መጨረሻ የገባው ግን ብዙውን ጊዜ በግርዘትና በክረምቱ ብርድ ይጠፋል።

ወንዝ ዳር ካላችሁ ብላክቤሪውንና ቪንካውን ከሥሩ አውጡና ለነፍሳቱ በማይመቹ የአገሩ ዛፎች ተኩ። ነገር ግን ዝም ብላችሁ መጋዝ ይዛችሁ አትውረዱ። የወንዝ ዳር ዕፅዋት በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ የካሊፎርኒያ ዓሣና ዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅጣቱ ከወይኑ ዋጋ ይበልጣል። ሸለቆው ውስጥ ከሆናችሁ ሰርዶውን ከረድፉም ከቦዩ ዳርም አጥፉ፤ ውሃ የሚፈስበትን ቧንቧ ጠግኑ፣ በጋውን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ አረም የነሱ ቤት ነው። ጎረቤታችሁ አልፋልፋ ካለው ከእሱ ጋር አትጣሉ፤ በዚያ በኩል አዲስ ወይን አትትከሉ፣ በቃ። ደቡብ ያላችሁ ደግሞ ሎሚና ወይን ጎን ለጎን አታድርጉ፤ ሁለቱንም ከወደዳችሁ ወይኑን መሥዋዕት አድርጉት ብዬ ነው የምመክራችሁ።

ስለ ኬሚካል አጭር ነገር ልበል። ትልልቅ እርሻዎች ኢሚዳክሎፕሪድን በመስኖ በኩል ለሥሩ ይሰጣሉ፤ ነፍሳው ሲመጥ ይሞታል። የሚሠራው ከቅምሻው በፊት ከተሰጠ ነው፤ ንብ ላይ ግን ጉዳት አለው፣ አልሞንድ ደግሞ ያለ ንብ ፍሬ አይይዝም። ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ ለእርሻ አጠቃቀሙን ገድባለች፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ለጓሮ የሚሆኑት የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በተራ ሱቅ አይሸጡም። ጓሮ ላለው ሰው ካኦሊን የሚባለው ነጭ የሸክላ ዱቄት ይበቃዋል፤ ቅጠሉን ነጭ አልብሶ ነፍሳው እንዳያርፍ ያደርጋል። መልኩ አያምርም፣ ግን ይሠራል።

የታመመውንስ?

ወይን ከሆነ በመጸው የምትጠረጥሩት ሐረግ ሁሉ ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ እሰሩ። ክረምት ላይ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ምልክቱ ጥቂት ቅጠል ላይ ብቻ ከሆነ፣ አጥብቃችሁ ግረዙና አንድ ዓመት ስጡት። በቀጣዩ በጋ መጨረሻ ንጹሕ ከሆነ ተርፏል። ከተመለሰበት፣ ወይም ከመጀመሪያውኑ አብዛኛው ሐረግ ከተቃጠለ፣ አትለማመጡት። ከሥሩ ንቀሉት። በተለይ ባለ መስታወት ክንፉ ባለበት አካባቢ የታመመ ወይን ማቆየት ለጎረቤት ሁሉ ዕዳ ነው። ገና የተተከለ ወይን ከአሮጌ ይልቅ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ የሞተውን በዚያው ጠርዝ ላይ በዚያው ዝርያ መተካት ትርፉ ድካም ነው።

ዝርያው ለውጥ ያመጣል። ሻርዶኔና ፒኖ ኗር ቶሎ ይሞታሉ፤ ሼናን ብላንክ ይቆያል። የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ በ2019 መጨረሻ ከአሪዞና የዱር ወይን የመጣ መቋቋሚያ ያላቸው አምስት ዝርያዎች አውጥቷል፤ ካሚናሬ ኗር፣ ፓሴያንቴ ኗር፣ ኤራንቴ ኗር፣ አምቡሎ ብላንክና ካሚናንቴ ብላንክ። ቴክሳስ ያላችሁ ብላንክ ዱ ቧ የሚባለውን ነጭ ወይን ወይም ብላክ ስፓኒሽን ትከሉ፤ እዚያ ሻርዶኔ መትከል ራስን መቅጣት ነው።

አልሞንድ ሲሆን ውሳኔው የዕድሜ ነው። ዛፉ ወጣት ከሆነ ነቅላችሁ ተኩት፤ ገና ብዙ ዓመት ማምረት የሚችል ቦታ ይዟል። ያረጀ ከሆነ እያመረተ ይቆይ፣ ምርቱ ወጪውን ሳይችል ሲቀር ይነቀል። የታመመውን ቅርንጫፍ ብቻ መቁረጥ አንዳንዴ ይሠራል፣ በአብዛኛው ግን ዘግይቶ የተደረገ ነው። አዲስ ስትተክሉ ሶኖራና ፒርለስ የሚባሉት ዝርያዎች ለዚህ በሽታ በጣም ደካማ መሆናቸውን እወቁ።

ሻንጣ ውስጥ አይሁን

የመጨረሻው ጉዳይ የእኛን ሰው ይመለከታል። ወይን የሚያምር ሲሆን ቅርንጫፉን ቆርጦ ለዘመድ መስጠት ልማዳችን ነው። ከካውንቲ ካውንቲ እንኳ አታድርጉት፤ የታመመ ተክል ገና ምልክት ሳያሳይ ይጓዛል፣ የነፍሳው እንቁላልም ቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። የምትተክሉትን ፈቃድ ካለው ችግኝ ጣቢያ ግዙ።

ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ይህ ባክቴሪያ ወይንና አልሞንድ ላይ አይቆምም። ጣሊያን ፑሊያ ውስጥ በ2013 የወይራ ዛፍ ላይ ተገኝቶ ስንት ዘመን የቆዩ ዛፎችን ጨርሷል፤ እስራኤል ሰሜን በሁላ ሸለቆም አልሞንድ ላይ ተገኝቷል። ብራዚልና ኮስታሪካ ውስጥ ደግሞ ቡና ያሳምማል፤ ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ አውሮፓ የተላኩ የቡና ችግኞች ላይም ተይዟል። ስለዚህ ለእናታችሁ ጓሮ የሚሆን የወይን ቁራጭ ወይም የሚያምር የቡና ችግኝ በሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። የግድ ከሆነ በኳራንቲን በኩል፣ የተክል ጤና ሰርተፊኬት አስወጥታችሁ ይሁን።

ባለ መስታወት ክንፉን ከዚህ ቀደም ባልታየበት ሰፈር ካገኛችሁት ደግሞ ገድላችሁ አትጣሉት። ብርጭቆ ውስጥ ክደኑት፣ ፎቶ አንሱት፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡትና የካውንቲውን የግብርና ኮሚሽነር ቢሮ ደውሉ። መጥተው ያዩታል።